ከመጻፍ በፊት መቁጠር፦ የአልጎሪዝም ጥያቄዎችን እንዴት እንለማመድ?

በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ያሉ የ100,000 ዕቃዎች ዋጋ ተዘርዝሮ ተሰጠን እንበል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ዋጋቸው ሲደመር ልክ 500 ብር የሚሆን ሁለት ዕቃዎች አሉ ወይ? መፍትሔ ለማሰብ የፕሮግራም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዕቃ ከቀሩት ሁሉ ጋር እያጣመሩ መደመር፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ይህ መንገድ ምንም ስህተት የለበትም። ጥንዱ ካለ ያገኘዋል፤ ከሌለም የለም ብሎ ይመልሳል። ጣጣው የሚመጣው ጥንዶቹ ሲቆጠሩ ነው። ከ100,000 ዕቃዎች 4,999,950,000 ጥንዶች ይወጣሉ፤ አምስት ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አንድ ተራ ኮምፒውተር በሰከንድ መቶ ሚሊዮን ያህል ቀላል ሥራዎችን ያከናውናል ብለን በግርድፉ ብናሰላ፣ መልሱ እስኪመጣ ሃምሳ ሰከንድ እንጠብቃለን። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚቀርቡባቸው የፕሮግራም ፈተናዎች የሚፈቅዱት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ እንየው። እጃችን ላይ 180 ብር የሚያወጣ ዕቃ ካለ፣ የሚያስፈልገን 320 ብር የሚያወጣ ሌላ ዕቃ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ አይመለከቱንም። ስለዚህ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ እስከ ታች እንለፍ። ያየነውን ዋጋ ሁሉ እየመዘገብን፣ አዲስ ዋጋ ባገኘን ቁጥር «የዚህ ማሟያ ከመዝገቡ አለ ወይ?» እንበል። መዝገቡ ሳይዘገይ የሚመልስ ከሆነ መቶ ሺህ ጥያቄዎች ይበቁናል፤ ሥራውም ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ሃሽ ቴብል እንለዋለን። መረጃን በኮምፒውተር ውስጥ የማስቀመጫና የማደራጃ መንገዶች ዳታ ስትራክቸር ሲባሉ፣ ሥራው የሚከናወንበት ቅደም ተከተል ደግሞ አልጎሪዝም ወይም ስልተ ቀመር ይባላል። በሁለቱ መንገዶች መካከል የኮምፒውተሩ ፍጥነት አልተለወጠም፤ የፕሮግራም ቋንቋውም ያው ነው። የተለወጠው ከመጻፍ በፊት የታሰበው ብቻ ነው።

ይህ የሁለት ቁጥሮች ድምር ጥያቄ ሊትኮድ በተባለው የመለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ልምምዳቸውን ከእሱ ይጀምራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታላላቅ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ያቀርባሉ። አመልካቹ ሰላሳ ወይም አርባ አምስት ደቂቃ ይሰጠውና ኮድ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ትእዛዞች፣ ይጽፋል። ከሥራ ቅጥር ውጭም ለውድድር የሚለማመዱ አሉ። አይሲፒሲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የመጀመሪያ ፍጻሜውን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ሩሲያ ውስጥ የተመሠረተው ኮድፎርስስ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ዛሬም በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ውድድር ያዘጋጃል። በእኛም አገር አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በዚሁ ዘርፍ እያሠለጠነ ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ፈተና ያዘጋጃል። ለአንድ የአዳማ ወይም የባሕር ዳር ተማሪ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ አንድ ፈተና ማለፍ የቤተሰብን ኑሮ ሊቀይር ይችላል። ልምምዱ በትክክለኛው መንገድ እንዲሆን አጥብቄ የምሻውም በዚሁ ምክንያት ነው። በማኅበራዊ ገጾች ላይ «500 ጥያቄ ፈታሁ» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው እናያለን። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም። ሁለት መቶ ጥያቄዎችን በሚገባ የመረመረ ሰው፣ ሺህ መፍትሔዎችን የገለበጠውን ጥሎት ሲያልፍ ማየት እንግዳ አይደለም።

በእነዚህ ድረ ገጾች ላይ መልሱን የሚያርመው ሰው አይደለም። አንድ ፕሮግራም የተላከለትን ኮድ ተቀብሎ በተደበቁ ምሳሌዎች ይፈትነዋል፤ ጥቂቶቹ ትናንሽ፣ ጥቂቶቹ ባዶ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጥያቄው እስከሚፈቅደው ጫፍ ድረስ የተለጠጡ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች በአንድነት ይፈለጋሉ፦ መልሱ ትክክል መሆን አለበት፣ በጊዜውም መድረስ አለበት። ጀማሪዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለተኛውን የሚያስታውሱት «ጊዜው አልፏል» የሚል ምላሽ ሲመጣባቸው ነው።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ሊለመድ የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። በጥያቄው ግርጌ ላይ ብዙዎች ሳያነቡ የሚያልፏት አንዲት መስመር አለች። የመረጃው ብዛት እስከ ስንት እንደሚደርስ የምትናገረው ናት። ብዛቱ ቢበዛ 20 ነው ካለች፣ ጠያቂው ሁሉንም ስብስቦች አንድ በአንድ ብንሞክር እንደማይቃወም እየነገረን ነው፤ ከ20 ነገሮች ሊወጡ የሚችሉት ስብስቦች 1,048,576 ብቻ ናቸውና። 5,000 ካለች ሁሉን ከሁሉ ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ሃያ አምስት ሚሊዮን ሥራ ለአንድ ሰከንድ አይከብድም። 100,000 ካለች ማጣመር ቀረ። መረጃውን በቅደም ተከተል መደርደር ግን ይቻላል፤ ጥሩ የድርደራ ዘዴ ለዚህ ብዛት 1.7 ሚሊዮን ያህል እርምጃ ይወስዳል። ብዛቱ እስከ አንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ይደርሳል ከተባለ ደግሞ እያንዳንዱን መንካት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ የቀረው መንገድ በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሹን መጣል ነው፣ ያኔ ስልሳ እርምጃዎች ይበቃሉ። ጥያቄው ገና ሳይፈታ ከዚህች መስመር ብቻ ብዙ የማይሆኑ መንገዶች ይወድቃሉ። የሚለማመድ ሰው ጥያቄውን አንብቦ ወደ ኮምፒውተሩ ከመዞሩ በፊት «የማስበው መንገድ ስንት እርምጃ ይፈጃል?» ብሎ በወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ ይህ ልማድ ብቻውን ከወራት ድካም ያድነዋል።

ስለ ዳታ ስትራክቸሮች መጻሕፍት በየተራ ያስተምራሉ፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ይልቅ እያንዳንዳቸውን በሚመልሱት ጥያቄ ማስታወስ ይሻላል። ስታክ «መጨረሻ የመጣው ማን ነበር?» ለሚለው ነው፤ የተከፈተ ቅንፍ በትክክል መዘጋቱን ለማረጋገጥ የሚያገለግለውም ለዚህ ነው። ኪው «ቀድሞ የመጣው ማን ነበር?» ለሚለው፣ ሂፕ ደግሞ «ከቀሩት ሁሉ ትንሹ የትኛው ነው?» ለሚለው ነው። ሃሽ ቴብል «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ ወይ?» ለሚለው ነው፤ በፈተናዎች ውስጥ ደግሞ ይህን ያህል ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ የለም።

ስለዚህ ሃሽ ቴብል ላይ ትንሽ እንቆይ። ሐሳቡ ቀደምት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በአይቢኤም የኮምፒውተር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን ያቀረበው ነው። የምናስቀምጠው ነገር ስምም ይሁን ቁጥር በአንድ ቀመር ወደ ቦታ ቁጥር ይለወጣል፤ ከዚያም በቀጥታ በዚያ ቦታ ይቀመጣል። ስንፈልገው ቀመሩን ዳግም እናሰላና በቀጥታ ወደ ቦታው እንሄዳለን። ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ሲደርሳቸው ግጭት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ በዚያው ቦታ አጭር ዝርዝር ይያዝላቸዋል ወይም ሌላ ባዶ ቦታ ይፈለግላቸዋል። ቀመሩ ነገሮቹን በሚገባ ከበታተናቸው ግጭቱ ጥቂት ነው፤ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ካከማቸ ግን የፍጥነቱ ነገር ያበቃል።

ለልምምድ ደጋግሞ የሚሰጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሁለት ቃላት በተመሳሳይ ፊደላት የተሠሩ፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ የተለየ ናቸው ወይ? የተለመደው መፍትሔ 26 ቦታ ያለው ዝርዝር ይዞ የእያንዳንዱን የላቲን ፊደል ብዛት መቁጠር ነው። ይህን መፍትሔ የሸመደደ ተማሪ «ለበሰ» እና «በሰለ» የሚሉትን ቃላት ብንሰጠው 26 ቦታው አይረዳውም። ነገሩን የተረዳው ግን ወዲያው ሃሽ ቴብል ያነሣል፤ ወይም የራሳችንን ፊደል አቀማመጥ ይመረምራል። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት የግዕዝ ፊደላት የሚጀምሩት ከ4608 ሲሆን እሱም «ሀ» ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ «ለ» 4616 ነው። ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ቀንሰን ለስምንት ብናካፍል ድርሻው ቤተሰቡን፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንጠራውን ደረጃ ይሰጠናል። «ል» 4621 ነው፤ 4608 ሲቀነስለት 13፣ ለስምንት ሲካፈል ድርሻው 1፣ ቀሪው 5። ከዜሮ ስለምንቆጥር 5 ሳድስ ነው። በዚህ መንገድ «ለበሰ» እና «ልብስ» የአንድ ሥር ቃላት መሆናቸውን የሚያውቅ ፕሮግራም በጥቂት መስመሮች ይጻፋል። ለየት ያለ አቀማመጥ ያላቸው ጥቂት ፊደላት አሉ፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ ይለያዩ የሚለውም መወሰን አለበት። እነዚህን ውሳኔዎች መወሰን ራሱ ግሩም ልምምድ ነው። የታወቀ ጥያቄን እንዲህ ወደራሳችን ነገር እየመለስን መፍታት፣ መፍትሔው በእርግጥ ገብቶን እንደሆነ ያጋልጣል።

ቀላል ከሚመስሉት ሁሉ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ግን ባይነሪ ሰርች ነው። በቅደም ተከተል በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ስንፈልግ መሐሉን እናያለን፤ የምንፈልገው ከመሐሉ ካነሰ የቀኙን ግማሽ፣ ከበለጠ የግራውን ግማሽ እንጥላለን። አንድ ሚሊዮን ስሞች ካሉት ዝርዝር ውስጥ በሃያ ፍለጋ እንጨርሳለን። ሐሳቡን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታሪኩ ግን ትዕግሥት የሚያስተምር ነው። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት እንደጻፈው ለማንኛውም የዝርዝር ርዝመት በትክክል የሚሠራው የታተመው በ1960 ነው። አሥራ አራት ዓመት! እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጆሹዋ ብሎክ የተባለው መሐንዲስ ጃቫ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር በሚመጣው የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ የቆየ ስህተት በዚሁ ዘዴ ላይ መገኘቱን ይፋ አደረገ። ስህተቱ መሐሉን ለማግኘት የግራውንና የቀኙን ጫፍ የቦታ ቁጥር ደምሮ ለሁለት በማካፈሉ ላይ ነበር። በጃቫ አንድ ተራ ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሲረዝም ድምሩ ከዚህ ገደብ ያልፍና ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል። መፍትሔው የሁለቱን ልዩነት ለሁለት አካፍሎ በግራው ላይ መጨመር ነው፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ ገደቡ ግን አይጣስም።

ዕውቅ ባለሙያዎች ያለፉትን ስህተት አንድ ተማሪ በፈተና ሰዓት እንዴት ይጠነቀቀዋል? ኮዱን በቃል በመያዝ አይሆንም፤ በጭንቀት ጊዜ የተሸመደደ ኮድ መጀመሪያ የሚያጣው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን ነውና። የሚረዳው አንድ ቃል ኪዳን ይዞ መጓዝ ነው፦ «የምፈልገው ነገር ካለ፣ ሁልጊዜ በግራውና በቀኙ ጫፍ ምልክት መካከል ነው፤ ምልክቶቹም ራሳቸው ይካተታሉ።» ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ስንጽፍ ይህ ቃል ኪዳን ሳይፈርስ መቆየቱን እንጠይቃለን። መሐሉን አይተን አነስተኛ ሆኖ ካገኘነው፣ መሐሉ ራሱ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የግራው ምልክት ከመሐሉ አንድ ወደ ፊት ይሄዳል። መሐሉ ላይ ካቆምነው ሁለት ነገሮች ብቻ ሲቀሩ ፕሮግራሙ ለዘላለም ሊሽከረከር ይችላል። ጽፈን ስንጨርስ በባዶ ዝርዝር፣ አንድ ነገር ብቻ ባለው፣ ሁለት ባለው፣ የምንፈልገው መጀመሪያው ላይ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ሲሆን፣ ፈጽሞ ሳይኖር ሲቀር በእርሳስ እየተከተልን እንሞክረው። ይህን ያደረገ ሰው ባይነሪ ሰርችን ለዘለቄታው ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደሚፈራው ወደ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ እንምጣ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሰጠው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ቤልማን ነው። ለመረዳት ከብር መልስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። 385 ብር በትንሹ የገንዘብ ብዛት (ቁጥራቸው ባነሰ ኖቶችና ሳንቲሞች) መመለስ አለብን፤ ያለን 1፣ 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ብር ነው። ማንኛውም ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሳያስብ ያደርገዋል፦ ከሚቻለው ትልቁን ቀድሞ ማንሳት። 200፣ 100፣ 50፣ ሦስት አሥር፣ አንድ አምስት። ሰባት ገንዘብ ነው፤ ከዚህ ማነስም አይቻልም። በየደረጃው ትልቁን ወይም የተሻለ የሚመስለውን እየያዙ ወደ ኋላ ሳይመለሱ መሄድ ግሪዲ ይባላል። በእኛ ገንዘብ ላይ ሁልጊዜ የሚሠራበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ገንዘብ ቀጥሎ ለሚመጣው ትልቅ ገንዘብ ያለ ቀሪ አካፋይ ነው፤ ሁለት አምስት አሥር፣ አምስት አሥር ሃምሳ፣ ሁለት ሃምሳ መቶ ይሆናል። ስለዚህ ትንንሾቹ በዝተው ሲገኙ ሁልጊዜ በአንድ ትልቅ ሊተኩ ይችላሉ፤ ትልቁን መተው መቼም አይጠቅምም። በብዛት የሚሠራባቸው የአሜሪካ ሳንቲሞች 1፣ 5፣ 10 እና 25 ናቸው፤ 10 ለ25 አካፋይ ባይሆንም እዚያም ዘዴው ይሠራል፣ ማረጋገጫው ግን የበለጠ ሥራ ይጠይቃል።

ገንዘባችን 10፣ 30 እና 40 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮስ? 60 ብር ለመመለስ ትልቁን ብናነሳ 40፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 10፤ ሦስት ገንዘብ ሆነ። ሁለት ሠላሳ ግን ይበቃ ነበር። ትልቁን ማንሳት አሳሳተን። እዚህ ላይ ነው ጥያቄውን ወደ ትንንሽ ጥያቄዎች የምንመልሰው። 60 ብር ስንመልስ የመጨረሻው ገንዘብ 10 ወይም 30 ወይም 40 መሆን አለበት። ስለዚህ የ60 መልስ የ50፣ የ30 እና የ20 መልሶችን ዐውቀን ትንሹን መርጠን አንድ መጨመር ነው። ከታች እንጀምር። ለ10 አንድ፣ ለ20 ሁለት፣ ለ30 አንድ፣ ለ40 አንድ፣ ለ50 ሁለት ገንዘብ ያስፈልጋል። ለ60 ከሦስቱ ትንሹ የ30 ነው፤ አንድ። አንድ ሲጨመርበት ሁለት። እያንዳንዱን ትንሽ መልስ አንድ ጊዜ ብቻ አስልተን በሰንጠረዥ ስላስቀመጥነው ዳግም አንደክምም። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። አስቸጋሪው ሰንጠረዡን መሙላት ሆኖ አያውቅም፤ «የመጨረሻው ውሳኔ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ መልመድ ነው። ግሪዲ መንገድ ያማረ መስሎ ሲታያችሁ ደግሞ አፍራሽ ምሳሌ፣ ማለትም መንገዱ የማይሠራበትን ሁኔታ፣ ለመፈለግ አምስት ደቂቃ ስጡ። ካገኛችሁ ከስህተት ተረፋችሁ፤ ካጣችሁ ለምን እንዳጣችሁ ስታስቡ ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ራሱ ብቅ ይላል።

ታዲያ በየዕለቱ እንዴት እንለማመድ? አንድ ጥያቄ ይዞ ሰላሳ ወይም አርባ ደቂቃ ያለ ምንም እርዳታ መታገል ግዴታ ነው። አለመፍታት ችግር የለውም፤ ሳይታገሉ መፍትሔ ማየት ግን ጥያቄውን ማባከን ነው፣ አንድ ጥያቄ አዲስ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። ጊዜው ሲያልቅ መፍትሔውን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን እስከ መጀመሪያው ፍንጭ ድረስ ብቻ አንብባችሁ ተመለሱ። ሙሉውን ለማንበብ ከተገደዳችሁም ገጹን ዝጉና ሳታዩ ከባዶ ጻፉት። ከዚያ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቀጥሎም ከሳምንታት በኋላ እንደገና። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ለምን? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ያጠናነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንዴት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በጊዜ የተራራቀ ክለሳም እንዴት እንደሚያጸናው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በልጠው ተገኙ። መፍትሔ አንብቦ «ገባኝ» ማለት ለምን እንደሚያታልል ከዚህ ይገባናል። የገባን ለአምስት ደቂቃ ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይፈቀድለትም። የሰማቸው ቅኔዎች መንገድ ያሳዩታል እንጂ ምትክ አይሆኑትም። የአልጎሪዝም ተማሪም እንዲሁ ነው። ፈታኙ ያየነውን ጥያቄ ያቀርብልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ጥያቄዎቹ ስማቸውንና ልብሳቸውን እየቀየሩ ይመጣሉ። በዚህ ምክንያት በርዕስ የተከፋፈሉ ጥያቄዎችን መፍታት ለጀማሪ ጥሩ ቢሆንም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መተው አለበት። «የስታክ ጥያቄዎች» በሚል ርዕስ ሥር ያለ ጥያቄ ገና ሳይነበብ ግማሹ ተመልሷል። በፈተና ላይ ርዕስ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ጥያቄዎችን ቀላቅሎ መፍታት፣ ከእያንዳንዱም በኋላ በደብተር ላይ «መንገዱን የጠቆመኝ ምን ነበር?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል። ኮዱን መጻፍ አያስፈልግም፤ ኮዱ ድረ ገጹ ላይ አለ። ከወራት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅማል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ዛሬ ማንኛውንም የታወቀ ጥያቄ በሰከንዶች ይፈታሉ። መሣሪያውን መፍትሔ ከመጠየቅ ይልቅ በራሳችሁ ኮድ ላይ አፍራሽ ምሳሌ እንዲፈልግ ጠይቁት፤ ወይም አንድ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ እዘዙት። ትግሉን ከሰጣችሁት ግን ልምምዱንም ወሰደላችሁ።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልምምድ ይቆማል የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ኮምፒውተር አይፈልግም። ጥቂት ጥያቄዎችን አስቀድሞ በደብተር መገልበጥና በወረቀት መፍታት ይቻላል። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን አጭር መንገድ የሚያገኘውን ዝነኛ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1956 ያሰበው ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም ቡና ሲጠጣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ ነበር። ዘዴው እንዲህ ቀለል ብሎ የወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው እንደሆነ በኋላ ተናግሯል።

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ማሰብ ብቻ አይበቃም፤ እያሰቡ መናገር ያስፈልጋል። ፈታኙ መልሱን ብቻ ሳይሆን የተጣለውን መንገድና የተጣለበትን ምክንያት መስማት ይፈልጋል። ብዙ ጎበዝ ልጆቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብለው ያስባሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጽፋሉ። መፍትሔውን መጀመሪያ ለጓደኛ በአማርኛ ማስረዳት ጥሩ መንገድ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ ማስረዳት ካቃተን ያልገባን ሐሳቡ ነው፣ እንግሊዝኛው አይደለም። በአማርኛ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ መናገር ቀላል ይሆናል። ሁለት ሆኖ አንዱ ፈታኝ አንዱ ተፈታኝ እየሆኑ መለማመድ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ይህ ልምምድ ጥሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ለመሆን የሚያስፈልገውን ሁሉ አይሰጥም። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ፣ የተጠቃሚን ፍላጎት መረዳት፣ ለዓመታት የሚቆይ ሥርዓት መገንባት በእነዚህ ፈተናዎች አይለኩም። በሩ ግን ዛሬ በዚህ በኩል ስለሆነ፣ በእሱ የሚገባ ሰው ተዘጋጅቶ ይምጣ።

ዛሬውኑ መጀመር ለሚፈልግ አንድ ጥያቄ ልተው። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያን ማባዣ ተብሎ የሚታወቅ ዘዴ አለ። 13ን በ24 ለማባዛት በግራ በኩል 13ን ቀሪውን እየጣሉ በግማሽ ማሳነስ ነው፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል 24ን ማጠፍ ነው፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ ግራው ተጋማሽ ቁጥር የሆነበት ረድፍ ይሰረዛል፤ እዚህ 6 ያለበት ረድፍ ነው፣ ስለዚህ 48 ወጣ። የቀሩት የቀኝ ቁጥሮች ሲደመሩ 24፣ 96 እና 192፣ 312 ይሆናሉ፤ መልሱ ትክክል ነው። አሁን ማባዛቱን በሌላ ሥራ ለውጡት፦ 1,000 ሦስቶችን እርስ በርስ የማባዛት ውጤት ለ1,000,007 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው? ያለ ዘዴ 999 ማባዛት ያስፈልጋል። ከሃያ በታች በሆነ ማባዛት ጨርሱት፤ ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ስንት ማባዛት እንደሚፈጅ በወረቀት ላይ ቁጠሩ።